የዌንደል ሦስት ደቂቃ

የምድጃው ፋብሪካ አጥር፣ ዝገት የበላው ሽቦ፣
አንድ ማክሰኞ ጠዋት ተገኘ ሥዕል ደርቦ፦
አምስት ፎቅ መስታወት፣ ጣሪያው የአትክልት ቦታ፣
በዳንፎርድ ታይቶ የማያውቅ የግንቦት ማታ።
ዛፎቹ ቅጠል አይረግፍባቸው፤ ሰዎቹ ጥላ የላቸው፤
ሁሉም ቀጭን፣ ሁሉም ወጣት፣ ሁሉም ቡችላ በእጃቸው።
«በቅርብ ቀን» ይላል ግርጌው፤ ቀኑን ግን አልጻፉትም፤
ዌንደል ፕሩት መነጽሩን ወልውሎ ራሱን ፈለገ፤ የለም።

ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ቤት ማጠፊያ ነው የገጠመው፤
የምድጃ በር ሲከፈት ሲዘጋ እንዳያቃስት ያከመው።
ዛሬም የሰው ኩሽና ሲገባ ጎንበስ ይላል ሳይጋብዙት፤
በሩን ከፍቶ ያዳምጣል፤ «የኛ ነው» ይላል፣ «አትሽጡት።»

ፋብሪካው ወደ ደቡብ ሲሄድ፣ ማሽኑ በሌሊት ተጫነ፤
መስኮቱን የሰፈር ልጆች በድንጋይ ቆጠሩት፤ ባዶ ሆነ።
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ መግቢያ የፈረመ ርግብ ብቻ፤
ሱቁ ሁሉ እየነቀለ ሸሸ ወደ አውራ ጎዳናው ዳርቻ።

ሐሙስ ማታ የምክር ቤቱ አዳራሽ ሰው ሞላ እስከ ደጃፉ፤
ወይዘሮ ሬንፍሮ አስጠነቀቁ፦ «ከሦስት ደቂቃ እንዳታልፉ።»
ታነር ሎክዉድ፣ ካልሲ የማያውቅ ባለ ኩባንያ፣
ስላይዱን እየገፋ አወራ፦ «መነቃቃት»፣ «መዳረሻ»፣ «ማደሪያ»፤
የግብር እፎይታ አሥራ አምስት ዓመት፤ መኪና ማቆሚያ መቶ ስምንት፤
«ይህ ሕንጻ አይደለም» አለ ሲጨርስ፣ «ይህ የወደፊት ሕይወት።»

የጥርስ ሐኪሙ ተነሣ፦ «ጥላው ጓሮዬን ይበላል።»
የባንኩ ሰው፦ «ካልሠራን ገንዘቡ ሌላ ከተማ ይሄዳል።»
ዳርሊን ከእራት ቤቱ፣ ሽርጧን ሳትፈታ የመጣች፣
«እናቴ ደረጃ አትወጣም፤ አሳንሰር አለው ወይ?» አለች።
«አለው።» «ኪራዩስ?» «ገበያው ይወስናል» አላት በፈገግታ፤
ጣቷን ስትቆጥር አየናት፣ እስክንበተን ያን ማታ።

ዌንደል ተጠራ። ኮፍያውን እንደ መኪና መሪ አዞረ፤
ሊያወግዝ ነው ብለን ጠበቅን፤ እሱም ሊያወግዝ ነበረ፤
አርባ መስመር ኪሱ ውስጥ አለ፣ በእርሳስ ጽፎት ያደረ።
ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ። ዝም። ሠላሳ ሰከንድ ዝም አለ።
ከዚያ ወደ ሥዕሉ ተጠጋ፤ በጣቱ አንዲት ነገር ከለለ።

«ይቺ ወንበር» አለ፣ «አግዳሚዋ፣ ዛፏ ሥር ያለችው፣
ወደ መኪና ማቆሚያው ነው ፊቷን የሰጠችው።
ወንዙ ከኋላዋ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በምሳ ሰዓት፣
እዚያ ነበር የምንቀመጥ፣ ሣጥን ገልብጠን፣ አንድ ሣጥን ለሁለት።
ሽመላው በሚያዝያ መጥቶ አንድ እግሩን አጥፎ ሲቆም፣
ፎርማናችን፣ ያ ጨካኝ እንኳ፣ እስኪበርር ፊሽካ አይነፋም።
ሕንጻውን ሥሩ። ጣሪያው ላይ ጎመን ትከሉ፤ አልናገርም፤
ወንበሯን ግን አዙሯት፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

አንድ ደቂቃ ከሃያ ቀረው። ለማንም ሳይሰጠው ተቀመጠ።
«ግሩም ሐሳብ!» አለ ሎክዉድ፤ ብዕሩን አወጣ፤ መልሶ ሸጎጠ።

አምስት ለሁለት ጸደቀ። ክሬኑ በጥቅምት መጣ፤
ልማት በፊት በር ሲገባ፣ ልማድ በጓሮ በር ወጣ።
(ግማሹ ልማድ፣ እውነት ለመናገር፣ ርግብና ዝገት ነበር፤
ማንም አላለቀሰለትም፣ ከጥርስ ሐኪሙ በስተቀር።)
ጡቡን አጥበው፣ ሆዱን አውጥተው፣ ስሙን ብቻ ተዉለት፤
«ምድጃው» አሉት፤ ግን እሳት የሚባል የለበት።
ዳርሊን አልገባችበትም። ኮሪደሩን ትወለውላለች ሰኞና ዓርብ፤
እናቷን አንድ ቀን አምጥታ በአሳንሰሩ አሳፈረቻት፣
ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ እንደ መርከብ።

ወንበሯስ? ተሠራች፤ የብረት፣ እግሯ በሲሚንቶ የተቀበረች፤
ፊቷ ወደ መኪናዎቹ፣ ልክ በሥዕሉ እንደነበረች።

ዌንደል በሚያዝያ መጣ። ዞራት። ጎንበስ ብሎ ማጠፊያ ፈለገ።
የለም። ግራ ቀኙን አየ፤ ሱሪውን ሰብሰብ አደረገ፤
እግሮቹን በመደገፊያው ክፍተት አሾልኮ፣ ግልብጥ ብሎ ተቀመጠ፤
አገጩን ብረቱ ላይ አሳርፎ ወንዙ ላይ አፈጠጠ።

ቡችላ የታቀፈች ልጅ፣ ሥዕሉን የመሰለች፣ ጥላ ግን ያላት፣
«ጌታዬ፣ ወደ ኋላ ነው የተቀመጡት» ብትለው፣ ሳይዞር መለሰላት፦
«እኔስ ትክክል ነኝ፤ ወንበሯ ናት።»

ቆመች። ስልኳን ከተተች። ጫማዋን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ
እግሯን አሾለከች ከጎኑ፤ በመሃላቸው ቡችላ።

ሽመላው ያን ቀን አልመጣም።